ገደሉን የሚለካው አንጎል፦ ስለ ጥልቀትና ስለ ትውስታ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ የዓይናችን ሬቲና (ምስል የሚያርፍበት የዓይን የውስጥ ሽፋን) ጥልቀት የሌለው ስስ ገጽ ከሆነ፣ ጣርማ በር ላይ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት የገደሉን ጥልቀት በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ሁለቱ ዓይኖቻችን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ አንዱን ነገር በጥቂቱ ከተለያየ አቅጣጫ ያዩታል፤ አንጎልም የሁለቱን ምስል ልዩነት አመሳክሮ ርቀቱን ይገምታል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1838 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስቶን ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ምስል በሚያሳይ፣ ራሱ በሠራው መሣሪያ አስረድቷል። ሆኖም ልዩነቱ በእጃችን ለያዝነው ስኒ ይበቃል እንጂ ከጣርማ በር ማዶ ለሚታየው ቆላ እጅግ ያንሳል። እዚያ የሚረዳን የቅርቡ ጋራ የሩቁን መከለሉ፣ የሩቁ ደብዝዞ ወደ ሰማያዊ ማድላቱና መጠናቸውን የምናውቃቸው ቤቶች አንሰው መታየታቸው ነው። ስለዚህ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰውም የሸለቆውን ጥልቀት ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፣ የምሕንድስና ተማሪ፦ ያየሁትን ቅርጽ አስታውሼ በሌላ ጎኑ ስስለው ለምን ይህን ያህል እዘገያለሁ?

መልስ፦ መዘግየትዎ የስንፍና ምልክት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮጀር ሼፓርድና ጃክሊን ሜትዝለር እ.ኤ.አ. በ1971 ሰዎች ጥንድ ጥንድ ቅርጾችን እያዩ አንድ መሆናቸውን እንዲለዩ ሲጠይቋቸው፣ በቅርጾቹ መካከል ያለው የማዕዘን ልዩነት በጨመረ ቁጥር መልሱም በዚያው ልክ ዘገየ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ዲግሪ ገደማ ነበር። አእምሮ ቅርጹን በእጅ እንደያዘ ሰው ደረጃ በደረጃ ያዞረዋል ማለት ነው። ችሎታው በልምምድ ይሻሻላልና፣ ድንች ወይም ሳሙና በቅርጹ ቆርጠው እያዞሩ ቢለማመዱ እመክራለሁ።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦ እናቴ ጉም አገሩን በሸፈነበት ቀን እንኳ ከገበያ ሳትስት ትመለሳለች። መንገዱ በአእምሮዋ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጦ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። የአንጎል ተመራማሪው ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጦች ሂፖካምፐስ (ለትውስታ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ውስጥ እንስሳው አንድ የተወሰነ ስፍራ ሲደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አስታወቀ፤ ሜይ-ብሪት እና ኤድቫርድ ሞዘርም እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው አጠገብ ቦታን እንደ መረብ የሚከፋፍሉ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የስፍራ ሕዋሳቱ መብራት ሲጠፋም ሥራቸውን አለማቆማቸው ነው፤ አንጎል የራስን እርምጃና መታጠፍ ጭምር ይቆጥራል። እናትዎም ዓይናቸው ሲጋረድ ዳገቱንና ቁልቁለቱን እግራቸው ይነግራቸዋል።