ከዴዝ ኖት ቀጥሎ ምን ልይ ላልሽው

እህቴ፣ ዴዝ ኖት የተባለውን አኒሜ (የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም) ጨርሰሽ «ከ10 ስንት ትሰጡታላችሁ፣ ቀጥሎስ ምን ልይ?» ብለሻል። እኔ 8 እሰጠዋለሁ። እስከ 25ኛው ክፍል 10 ነበር። የቀሩት 12 ክፍሎች ግን ላላ ይላሉ፤ ልብ የሚሰቅለው የገዳዩ ላይትና የመርማሪው ኤል ፍጥጫ ነበርና፣ እሱ ደግሞ በ25ኛው አበቃ።

ቀጥሎ ሞንስተር የሚባለውን አኒሜ እዪ። ለእኔ 10 ከ10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረ፣ 74 ክፍል ያለው። ጀርመን የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም «ልጁን ትተህ ከንቲባውን አክም» ሲባል እምቢ ይላል። ቀድሞ የመጣውን ልጅ ያድናል። ያ ልጅ አድጎ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልነግርሽም! ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አንዳንዴ ሙሉ ክፍሉ ስለ አንድ ተራ ሰው ኑሮ ይሆናል። እኔ እነዚያን ነው አብልጬ የምወዳቸው።

ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ 9፤ በ64 ክፍል ታሪኩን በወጉ ይቋጫል። ናሩቶ 7፣ ከዋናው ታሪክ ውጭ የሆኑት ማሟያ ክፍሎቹ በዙብኝ።

እዚህ ጎንደር ኔት ካስቸገረሽ ፒያሳ በፍላሽ አስጭኚ። ግን 74ቱም መግባታቸውን እዚያው አረጋግጪ። የጃፓንኛ ድምፅ ያለውን ጠይቂ፣ የሐኪሙ ድምፅ ሲሰበር በጆሮሽ መስማት አለብሽ።