8 ጊጋ ራም ባላት ቀጭን ላፕቶፕ ቪዲዮ ኤዲት ለማድረግ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። «8 ጊጋ ራም ያላት ቀጭን ላፕቶፕ አለችኝ፤ ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ የላትም። በስልክ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት፣ ነፃ የሆነና ዋተርማርክ (ቪዲዮው ላይ የሚታተም የድርጅት አርማ) የማይለጥፍ ሶፍትዌር የቱ ነው?» ነው ያልከው። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። የኔዋም ላፕቶፕ ያው ናት። እስካሁን አብረን አለን።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከቸኮልክ እዚህ ጋ ማቆም ትችላለህ። ሾትከትን ጫን፣ ፕሮክሲ የሚለውን (ለኤዲት የሚሆን ቀላል ቅጂ የሚሠራውን) አብራ። ሥራህ መቁረጥና መቀጠል ብቻ ከሆነ ደግሞ ሎስለስከት ይበቃሃል። ካልቸኮልክ አንብብ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መቼም ሁሉም ሰው «ዳቪንቺ ሪዞልቭ ጫን» ነው የሚልህ። ሐሰት አይደለም። ነፃው ራሱ ጉድ የሚያሰኝ ሶፍትዌር ነው፤ በቀለም ሥራ የሚስተካከለው የለም። የሚከፈልባቸውን ኢፌክቶች እስካልነካህ ድረስ ዋተርማርክም የለውም። ችግሩ የሚጠይቀው ነገር ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው 16 ጊጋ ራም ነው የሚመክሩት፤ ፊውዥን የሚባለውን ክፍል ለመጠቀም ደግሞ 32። ከባዱን ሥራ የሚጭነውም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ ጫንኩት። ተከፈተ። የሸወደኝም መከፈቱ ነው! ሦስት ክሊፕ ታይምላይኑ (ክሊፖች በተራ የሚደረደሩበት ቦታ) ላይ ሳስቀምጥ የላፕቶፗ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ፤ ጽሑፍ ልጨምር ስል ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። በሶፍትዌሩ አልፈርድም። አንድ ኩንታል በብስክሌት ልጭን የሞከርኩት እኔ ነኝ። (ሊኑክስ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ነፃው ሪዞልቭ እዚያ ላይ የስልክ ቪዲዮዎች የሚቀረጹባቸውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴዎች፣ ኤች.264 እና ኤች.265ን፣ አይከፍትልህም። ሁሉንም መቀየር ሊኖርብህ ነው።)

ከዚያ በኋላ ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ እያልኩ ሶፍትዌር ስቀያይር ከረምኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነበር። ችግሩ ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ብቻ መስሎኝ ቪዲዮውን ራሱን አላየሁትም።

የስልክ ቪዲዮ የተጨመቀ ነገር ነው። እያንዳንዱ ምስል ሙሉ ሆኖ አይቀመጥም። አንድ ሙሉ ምስል ይቀመጥና ከዚያ የሚከተሉት «ከጎረቤቴ የተለወጠው ይህ ይህ ብቻ ነው» እያሉ ነው የሚሄዱት። ለማየት ችግር የለውም። ኤዲት ስታደርግ ግን ወዲያ ወዲህ ትዘላለህ፤ ላፕቶፗም መሀል ላይ ያለውን አንድ ምስል ለማሳየት ወደኋላ ተመልሳ ከሙሉው ምስል ጀምሮ መፍታት አለባት። የምትንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ኤች.265 ከኤች.264 የበለጠ የተጨመቀ ስለሆነ ይብሳል። ቪዲዮው 4ኬ በሚባለው ትልቅ የምስል መጠን ከተቀረጸማ አታንሳው፤ ከተለመደው 1080ፒ ጋር ሲነጻጸር በእያንዳንዱ ምስል ላይ 4 እጥፍ ነጥብ ነው የምታሸክማት።

መድኃኒቱ ፕሮክሲ ይባላል። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ቪዲዮህ ትንሽና ቀላል ቅጂ ይሠራል፤ አንተ የምትቆርጠውና የምትቀጥለው ቅጂውን ነው። ኤክስፖርት ስታደርግ (ያለቀውን ቪዲዮ ስታወጣ) ወደ ዋናው ይመለሳል፤ ስለዚህ ጥራት አይቀንስብህም። ሾትከት ላይ «ሴቲንግስ» ግባና «ፕሮክሲ» ውስጥ «ዩዝ ፕሮክሲ» የሚለውን አብራ። እዚያው «ፕሪቪው ስኬሊንግ» የሚል አለ፣ 360ፒ ላይ አድርገው። ስትሠራ ምስሉ ደብዘዝ ይልብሃል፤ አትደንግጥ፣ የምታየው ብቻ ነው የደበዘዘው። ቅጂዎቹ ተሠርተው እስኪያልቁ ታገሥ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሳይጨርስ መቁረጥ ጀምሬ «ይህም አይረባም» ብዬ ላጠፋው ነበር።

ሾትከት መልኩ አያምርም፣ አልዋሽህም። ቁልፎቹ የት እንዳሉ ለመልመድ እኔ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ዋተርማርክ የሚባል ነገር አያውቅም፣ አካውንት ክፈት አይልህም። ለተራ ኤችዲ ሥራ 8 ጊጋ ራም ነው የሚጠይቀው። ልክ ያንተን ያህል ማለት ነው። 4ኬ ሲሆን ነው 16 የሚለው።

ኬደንላይቭም ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው ሞተር ከሾትከት ጋር አንድ ነው፤ ኤምኤልቲ ይባላል። ፕሮክሲም አለው። መሣሪያው በዛ ይላል፤ ብዙ ትራክ ደራርቦ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። በሊኑክስ የምትሠራ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ሞክር ባይ ነኝ። ኦፕንሾት ከሁሉም ለመልመድ ይቀላል፤ ለአጫጭር ነገር ይሆናል። ክሊፕቻምፕ ከዊንዶውስ 11 ጋር ይመጣል፣ በ1080ፒ ያለ ዋተርማርክ ያወጣልሃል፤ ግን አካውንትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ካፕከት ቆንጆ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ሆኖም የሚከፈልባቸው ነገሮች ከነፃዎቹ ጋር ተደባልቀው ስለሚቀመጡ ኤክስፖርት ልታደርግ ስትል ነው «ክፈል» የሚልህ። ላፕቶፕህ ማክ ከሆነች ደግሞ በከንቱ አትድከም፣ አይሙቪ ነፃ ነው።

ስለ ዋተርማርክ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ስሙን የማልጠራው ሶፍትዌር የሠራኝን ልንገርህ። «ነፃ» ይላል፣ አውርጄ ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። ሲያልቅ አወጣሁት፤ ምስሉ መሀል ላይ የድርጅቱ አርማ ተጋድሞ አገኘሁት። ሥራው ለሰው ቃል የገባሁበት ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሶፍትዌር ስጭን መጀመሪያ የማደርገው የ10 ሰከንድ ቪዲዮ አስገብቼ ጽሑፍ ጣል አድርጌ ማውጣት ነው። ችግር ካለ በ5 ደቂቃ ይታወቃል። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈል እንዲሠራ የተሰበረ) ሶፍትዌር ጫን የሚልህንም አትስማ። ከቫይረሱ በላይ የሚያናድደው፣ እነዚያ ትልልቅ ሶፍትዌሮች በነፃ ስላገኘሃቸው አይቀሉም። ላፕቶፗ ያው ናት።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይነግርህ ነገር ልምጣ። ረጅም ቪዲዮ ቀርጸህ የምትፈልገው ጥቂቱን ብቻ ከሆነ ሁሉንም ሾትከት ውስጥ አትጨምር። መጀመሪያ በሎስለስከት ቆርጠህ አውጣ። ይህ ሶፍትዌር ቪዲዮውን እንደ አዲስ አይጨምቀውም፣ ዝም ብሎ ቆርጦ ነው የሚገለብጠው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በሰከንዶች ውስጥ ይቆርጥልሃል፤ ጥራቱም ቅንጣት አይነካም። እንከኑ፣ ቅድም ካልኩህ ሙሉ ምስል ላይ ነው መጀመር የሚችለው፤ ስለዚህ ቁርጡ ከፈለግህበት ቦታ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። የተረፈውን ሾትከት ላይ ታስተካክለዋለህ። እኔ ይህን ዘዴ ካወቅሁ ወዲህ ነው ላፕቶፔ ላይ መጮህ የተውኩት።

ድምፅና ከንፈር መለያየትም ይገጥምሃል። አንድ ጊዜ የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ቀረጽኩ። መጀመሪያው ልክ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሰውየው አፉን ዘግቶ ድምፁ ይሰማል! ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹትን ምስል ቁጥር እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉት ነው። ሾትከት ይህን ሲያይ «ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ እሺ በለው፣ የሚፈጥረው ፋይል ግን ትልቅ ስለሆነ ቦታ ይኑርህ። አለዚያ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር «ኮንስታንት ፍሬም ሬት» (በሰከንድ የማይለዋወጥ የምስል ቁጥር) መርጠህ አስቀድመህ ቀይረው።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ስትሠራ ቻርጀሯን ሰካ፤ በባትሪ ስትሆን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። አልጋ ላይ አታስቀምጣት፣ አየር ታጣለች፤ ቀጭን ላፕቶፕ ስትግል ራሷን ታዘገማለች። 20 ታብ የከፈትክበትን ብራውዘር ዝጋ። ኤክስፖርት ላይ «ሃርድዌር ኢንኮደር» የሚለውን ከመረጥክ በጣም ይፈጥናል፣ በተመሳሳይ የፋይል መጠን ግን ጥራቱ ትንሽ ይወርዳል። የኔዋ ያለ እሱ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ለማውጣት 25 ደቂቃ ገደማ ትፈጃለች። ትቻት ወጣ ብዬ እመለሳለሁ።

አደራ የምልህ ግን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ክፈትና ቪዲዮውንም ድምፁንም ፎቶውንም ገና ሳትጀምር እዚያ ሰብስብ። ሴቭ የምታደርገው የፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ቪዲዮው የለም፤ ያለው የት እንደተቀመጠ የሚናገር አድራሻ ነው። እኔ ቦታ ጠበበኝ ብዬ ኦሪጅናሎቹን ያጠፋሁ ቀን ነው ይህን የተማርኩት።

ስልክህንም ከአሁን ጀምሮ 1080ፒ፣ በሰከንድ 30 ምስል ላይ አድርገው። የትኛውም ሶፍትዌር ከዚህ በላይ አያቀልልህም።

በል፣ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ወስደህ እንዳልኩህ ሞክርና ያየኸውን ጻፍልኝ። ፕሮክሲ በርቶም ቆም ቆም የሚል ከሆነ የፕሮሰሰርህን ሙሉ ስምና ዲስክህ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) መሆን አለመሆኑን ጨምረህ ንገረኝ፤ እሱን ሳላይ ሌላ ነገር አልልህም።