ሌላ ከተማ ሄደን ምን አይተን እንምጣ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ቢሆኑም ጉዳያቸው ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚሻ ከገጹ የሚበዛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። በሚቀጥለው ወር አምስት አባላት ወደ ሌላ ከተማ ሄደን ለሦስት ቀን የልምድ ልውውጥ ጉብኝት እናደርጋለን። ከዚህ ቀደም በሁለት ተመሳሳይ ጉዞዎች የሄዱ አባሎቻችን ብዙ ፎቶግራፍና ብዙ አድናቆት ይዘው ቢመለሱም በሰፈራችን የተለወጠ ነገር ባለመኖሩ፣ ነዋሪው «ሽርሽር ነው» እያለ ያማናል። ሐሜቱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለትም አልደፍርም። ምን ብናይ፣ ማንንስ ብናነጋግር ይጠቅመናል?

መልስ፦ ሐሜቱን ሳይሸሽጉ ማቅረብዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚባክነው ብዙውን ጊዜ ተጓዦቹ ሰነፎች ሆነው ሳይሆን፣ የተሠራውን ነገር ብቻ አይተው ሥራው የቆመበትን ስምምነት ሳያዩ ስለሚመለሱ ነው። አግዳሚው ወንበር፣ መብራቱ፣ ንጹሑ የእግረኛ መንገድ በዓይን ይታያሉ። መንገዱን ማን እንደሚጠርገው፣ አምፑሉ ሲቃጠል ማን እንደሚተካው፣ ወጪው ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ እምቢ ያለው ጎረቤት በምን እንደተስማማ ግን ካልጠየቁ በቀር አይታይም። እኔም በአንድ ወቅት ከእንዲህ ያለ ጉዞ ስመለስ ያመጣሁት የአንድ ትንሽ መናፈሻ ሃያ ያህል ፎቶግራፍ ነበር። ሪፖርት በቀረበበት ስብሰባ ላይ አንዲት እናት «በሩን ማታ ማታ የሚቆልፈው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ መናፈሻው መናፈሻ ሆኖ የኖረው በሰዓቱ ለሚከፍተውና ለሚቆልፈው ሰው ደመወዝ የሚከፍል ስላለ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 በተራራ ወገብ ላይ የሚገኙ የድሆች ሰፈሮችን ከባቡር መስመሯ ጋር የሚያገናኝ ኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ማጓጓዣ) ሥራ አስጀመረች። በ2007 ደግሞ እዚያው ተራራ ላይ ጥቋቁር ቋጥኞች የሚመስሉ ሕንፃዎች ያሉት ቤተ መጻሕፍት ከፈተች፤ ምስሉም በዓለም ዙሪያ የከተማዋ መለያ ለመሆን በቃ። ይሁን እንጂ ቤተ መጻሕፍቱ በግንባታ ጉድለት ምክንያት በ2015 ተዘጋ፤ ከባቡሩ ጋር በአንድ ድርጅት የሚተዳደረው ኬብል ካር ግን ነዋሪውን ማመላለሱን ቀጠለ። ቤተ መጻሕፍቱ ባይሠራ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን በ2010 ሜዴሊንን የጎበኘ ቡድን የሕንፃውን ንድፍ ብቻ ይዞ ተመልሶ ከሆነ፣ ትኬት የሚቆርጠውን፣ ገመዱን የሚፈትሸውንና የጥገናውን በጀት የሚይዘውን ክፍል ሳያነጋግር ዋናውን ትምህርት ትቶ መጥቷል ማለት ነው።

የምትሄዱበትን ቀን ጭምር አስቡበት። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድ እሑድና በበዓላት ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ፣ ዋና ዋና መንገዶቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትከፍታለች፤ የመንገዶቹ ርዝመት ዛሬ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ማክሰኞ ቦጎታ ገብቶ ሐሙስ የሚወጣ ቡድን የሚያየው እንደማንኛውም ከተማ መኪና የሞላበት አስፋልት ነው። አዲስ የተገነባ መንገድም ሆነ የሚመረቅ ሐውልት የለም፤ ያለው መርሐ ግብር፣ በየመስቀለኛው የሚቆሙ አስተናባሪዎችና ለዓመታት የዳበረ ልማድ ነው። ስለዚህ የሦስት ቀኑን ጉዞ ስታቅዱ አንዱ ቀን የዕረፍት ቀን ቢሆን፣ አንዱ ምሽትም ከመርሐ ግብሩ ነጻ ቢቀር ደስ ይለኛል። አስተናጋጆቻችሁ በአንድ ቀን ዘጠኝ ቦታ ሊያሳዩአችሁ ቢሉ በትሕትና ሁለቱን መርጣችሁ ሰባቱን ተዉአቸው።

በመረጣችሁት ቦታ ተቀመጡ። ዊልያም ዋይት የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ አደባባዮች ላይ ካሜራ ተክሎ ሰዎች የት እንደሚቀመጡ፣ የት እንደሚቆሙና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ሲመዘግብ ቆይቶ የደረሰበት ውጤት ከቀላልነቱ የተነሣ ያስቃል፦ ሰው በብዛት የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው፤ ይልቁንም ወንበሩን ወደ ጥላ ወይም ወደ ጓደኛው ማስጠጋት ከቻለ ይወደዋል። የባለሙያዎቹ ንድፍ የሳተውን ይህን ነገር ለማግኘት ያስፈለገው ትዕግሥት ብቻ ነበር። ከእናንተም አንዱ በአንድ ቦታ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቢቀመጥና ማን እንደመጣ፣ ማንስ እንዳልመጣ ቢጽፍ፣ አራቱ በመኪና ዞረው ከሚያመጡት የበለጠ ሊያመጣ ይችላል። አረጋውያን ወይም ልጃገረዶች የማይታዩበት መናፈሻ ንድፉ ምንም ያህል ቢያምር አንድ የጎደለው ነገር አለ።

ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ሲታሰብ፣ ሊቀ መንበሩን ማግኘታችሁ አይቀርም፤ ሊቀ መንበሩ የሚነግራችሁ ግን የተሳካውን ነው። ጠራጊውን፣ ጥበቃውን፣ የመዋጮውን ደረሰኝ የሚቆርጠውንና ሥራውን በመጀመሪያ የተቃወመውን ነዋሪ ፈልጉ። ተቃዋሚው ከሁሉም ይልቅ ይጠቅማችኋል፤ ነገ የእናንተ ሰፈር ተቃዋሚ የሚያነሣውን ዛሬ ከእርሱ ትሰማላችሁና። የዴንማርክ ዋና ከተማ የኮፐንሃገን ዋና የገበያ ጎዳና ስትሮየት እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ሲዘጋ፣ ነጋዴዎቹ ገበያችን ይቀዘቅዛል ብለው ነበር፤ በዚያ ብርድ አገር ሰው ውጭ ይቀመጣል ብሎ ያመነም ጥቂት ነው። የከተማው አስተዳደር ጎዳናውን የዘጋው ለሙከራ ነው ብሎ ሲሆን፣ ቋሚ ያደረገው ውጤቱ ከታየ በኋላ በ1964 ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው «ለሙከራ» የምትለው ቃል ናት፤ ቀኑ የተቆረጠለት ሙከራ ተቃዋሚውን ሳያዋርድ ጊዜ ይሰጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በድፍረት ጠይቁ፦ የጀመራችሁትና የተዋችሁት ምንድን ነው? በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪው በከተማው በጀት ከፊል ላይ በየሰፈሩ ተሰብስቦ የሚወስንበት አሠራር ተጀመረ። አሠራሩ በብዙ አገሮች ተቀድቷል፤ ዝናው በገነነበት ዘመን ሁሉ ግን እዚያው በተወለደበት ከተማ እየተዳከመ ሄዶ በ2017 ተቋረጠ። ዝናውን ሰምታችሁ የምትሄዱለት ነገርም ከውስጥ እየላላ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለፈውን ዓመት የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የተገኙትን ሰዎች ብዛት ለማየት ፈቃድ ጠይቁ።

ስትመለሱ ለነዋሪው ፎቶግራፍ አታሳዩ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ስብሰባ። በፎቶግራፉ ፈንታ በሦስት ወር ውስጥ ተሞክሮ የሚገመገም አንድ ሥራ፣ ከነወጪውና ከነኃላፊው፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አቅርቡ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የፍሳሽ መስመር የለውም። ለማዘጋጃ ቤቱ ካመለከትን አራት ዓመት ሆነ። ከጎረቤቶቼ ገሚሱ «መዋጮ ሰብስበን ራሳችን እንሥራው» ሲሉ፣ ገሚሱ «የመንግሥትን ግዴታ ለምን እንሸከማለን?» ይላሉ። የትኛው ወገን ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው፤ ያልተነጋገራችሁት ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ነው። በፓኪስታኗ ካራቺ፣ ኦራንጊ በተባለ ሕጋዊ ይዞታ ባልነበረው ሰፊ ሰፈር፣ የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያው አኽታር ሐሚድ ካን እ.ኤ.አ. በ1980 ድርጅት አቋቁመው የጀመሩት ሥራ በዓለም ላይ የሚጠቀሰው ይህን ድንበር በግልጽ በማስመራቸው ነው። በቤት ውስጥ ያለው መጸዳጃ፣ በመንደሩ መተላለፊያ የሚቀበረው ቱቦና የየመተላለፊያውን ፍሳሽ የሚሰበስበው መስመር የነዋሪው ድርሻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ዋናው መስመርና የማጣሪያ ጣቢያው የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ቀረ። ነዋሪው ሊሠራው የማይችለውን ለራሱ አልወሰደም፤ ሊሠራው የሚችለውንም ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

ካን ሥራውን የጀመሩት ቱቦ በመግዛት አልነበረም፤ ሰዉ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን እንዳልሠራው በመጠየቅ ነው። ያገኟቸው ምክንያቶች አራት ነበሩ፦ መንግሥት በነጻ ይሠራልናል የሚል እምነት፣ የወጪው መብዛት፣ የሙያ ዕውቀት ማጣትና ሰዎችን የሚያሰባስብ ድርጅት አለመኖር። የእናንተም ጠብ ከነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ የመጣ ይመስለኛል። መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ስለሚለያይ፣ የሙያ ችግር ያለበትን ሰው በገንዘብ ስብከት ማሰልቸት ዋጋ የለውም።

አደረጃጀቱን በተመለከተ ከኦራንጊ የምወድደው መጠኑን ነው። ሥራው የተደራጀው በሰፈር ሳይሆን ከ20 እስከ 30 ያህል ቤቶች ባሉት በአንድ መተላለፊያ ደረጃ ነበር። ነዋሪዎቹ ከመካከላቸው በመረጡት ሰው አማካይነት ገንዘባቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ፣ ራሳቸው አወጡ። የካን ድርጅት ንድፍ፣ መሣሪያና ምክር ሰጠ እንጂ ገንዘቡን በእጁ አልነካም። በ25 ቤት መካከል ያልከፈለው ይታወቃል፤ ለምን እንዳልከፈለም ይታወቃል፤ ባሏ የሞተባት ወይም ሥራ ያጣ ሰው ካለ ድርሻው ለሌሎቹ ይደለደላል። በሁለት ሺህ ቤት መካከል ግን ይህ ሁሉ ወደ ደረሰኝና ወደ ክስ ይለወጣል። ተቋራጭ ባለመኖሩም ወጪው በእጅጉ ቀነሰ።

ሆኖም ከዚህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለል ክፍል አለ። በየመተላለፊያው የተሰበሰበው ፍሳሽ መጨረሻው ብዙ ቦታ የተፈጥሮ የውኃ መውረጃ ነበር፤ ስለዚህ ድርጅቱ የመስመሮቹን ካርታ እያነሣ ከመንግሥት ጋር ለብዙ ዓመታት መከራከር ግድ ሆነበት። እናንተም ከመቆፈራችሁ በፊት ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ፣ የራሳችሁን ችግር ከታች ላለው ሰፈር ማውረዳችሁ ነው። ተዳፋቱን በባለሙያ አስለኩ፤ የፍሳሹ ቱቦ ከመጠጥ ውኃው ቱቦ በታችና ራቅ ብሎ መቀበሩን አረጋግጡ። ማመልከቻውንም አትተዉት፤ ይልቁንም «የፍሳሽ መስመር ይሠራልን» የሚለውን «የእኛን ድርሻ እዚህ ድረስ ሠርተናል፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ነው» በሚል ቀይራችሁ ካርታ አያይዙበት።

ጥያቄ፦ በመንገዳችን ጎረቤት ከጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ያወራ ነበር። መንገዱ አስፋልት ከለበሰና መኪና ማቋረጫ ካደረገው ወዲህ ሰላምታ እንኳ ቀርቷል። ሰው ነው የከፋው?

መልስ፦ ሰዉን አይውቀሱ። የከተማ ንድፍ ተመራማሪው ዶናልድ አፕልያርድ በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አነጻጽሮ ነበር፤ በቀን ወደ 2,000፣ ወደ 8,000 እና ወደ 16,000 ያህል መኪና የሚያልፍባቸው ናቸው። ጭር ባለው መንገድ የሚኖር ሰው በአማካይ ሦስት ወዳጆችና ስድስት ያህል የሚያውቃቸው ጎረቤቶች ሲኖሩት፣ መኪና በበዛበት መንገድ ግን ወዳጁ አንድ እንኳ አይሞላም፤ የሚያውቃቸውም ሦስት ያህል ናቸው። ሰዎቹ «ቤቴ» ብለው የሚያስቡት ስፋትም እንዲሁ ጠቧል፤ በጭሩ መንገድ መንገዱ ሁሉ የእነርሱ ነው፣ በሌላው ግን ከአጥር ውስጥ አይወጣም።

መፍትሔው አስፋልቱን መንቀል አይደለም፤ አቋራጭነቱን ማስቀረት ነው። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2016 በፖብሌኑ ሰፈር ዘጠኝ የሕንፃ ብሎኮችን አንድ ላይ አድርጋ አላፊ መኪና በውስጣቸው እንዳያቋርጥ ስትከለክል፣ ነዋሪው መኪናውን ይዞ እንዲገባ ፈቅዳለች፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል መውጣት ግን አይቻልም። መጀመሪያ ላይ ከነዋሪዎቹም ከባድ ተቃውሞ ነበር፤ አንዱ ቅሬታም መኪናው ወደ ጎን መንገዶች ይገፋል የሚል ስለነበር፣ እርስዎም የጎን መንገድ ነዋሪዎችን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይጥሩአቸው። ከዚያ በፊት ግን ከሁለት ጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ እሑድ በደጃፍዎ የሚያልፉትን መኪኖች በየሰዓቱ ቆጥረው ይጻፉ፤ ስንቶቹ በዚያው መንገድ ቤት ያላቸው ሰዎች እንደሆኑም ለይተው ያመልክቱ።