«ያው ካናቢስ አይደል?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ህመም ማስታገሻ ከጻፍን ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ወደ ካናቢስ እያዘነበለ ነው፣ ስለዚ የዚህን ወር ገጽ በሙሉ ለሱ ለቀቅነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል፣ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ጓደኛዬ ሲቢዲ የሚባል ዘይት ምላሷ ስር ጠብ እያረገች ትወስዳለች። ያው ካናቢስ አይደል እንዴ፣ ትጦዣለሽ ስላት ሳቀችብኝ። ማናችን ነን ልክ? (የተሳቀባት)

መልስ፦ በመጦዙ ጓደኛሽ ልክ ናት፣ በሌላው ግን እንዳትቸኩል ንገሪያት። ተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከ100 በላይ ውህዶች አሉ፣ ሰው የሚያወራው ግን በአብዛኛው ስለሁለቱ ነው፣ ቲኤችሲና ሲቢዲ። የሚገርመኝ ነገር ሁለቱም በ21 ካርበን፣ በ30 ሃይድሮጅንና በ2 ኦክስጅን ነው የተሰሩት፣ አተሞቹ የተያያዙበት መንገድ ብቻ ትንሽ ይለያል፣ እና በዛች ልዩነት ቲኤችሲ ያጦዛል ሲቢዲ አያጦዝም።

ለምን ካልሽ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሰራቸው ካናቢኖይድ መሰል ኬሚካሎች አሉት፣ አናንዳማይድ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው የተገኘው። እነዚህ ነገሮች የነርቭ ሴል ላይ ሲቢ1 የሚባል ሪሴፕተር፣ መልእክት ተቀባይ ማለት ነው፣ አለ፣ እሱን ይነኩና የሚላከውን መልእክት ቀንስ ይሉታል፣ ስራቸውን እንደጨረሱ ሰውነት ወዲያው ይሰባብራቸዋል። ቲኤችሲ ያንኑ ሪሴፕተር ይይዛል፣ ግን ቶሎ አይሰበርም፣ ለሰዓታት እዛው ይቆያል። ሲቢ1 ደግሞ ማስታወስ፣ እንቅስቃሴና የምግብ ፍላጎት የሚመራባቸው የአንጎል ክፍሎች ውስጥ የተከማቸ ነው። ለዛ ነው የጦዘ ሰው ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ «ምን እያልኩ ነበር?» የሚለው፣ አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት የሚመስለው፣ ከዛ ተነስቶ ያገኘውን ሁሉ የሚበላው። የልብ ምት ይጨምራል፣ የአይን ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ አይን የሚቀላው በዚህ ነው።

ሲቢዲ ሲቢ1ን እንደዛ አይቀሰቅሰውም፣ ስራው በሌሎች መንገዶች ነው። ጠንካራ ማስረጃ ያለው ለሚጥል በሽታ ነው፦ ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው መድሃኒት እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ አይነቶች ነው። ልብ በይ፣ የዛ መድሃኒት መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። ጓደኛሽ ጠብ የምታረጋት ነገር ከዚህ ጋር አትወዳደርም፣ ስለዚ «ለሁሉም በሽታ ይሆናል» የሚለውን ማስታወቂያ እኔ አላምነውም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መርምሮ የተጻፈውን ያህል ሲቢዲ የያዙት 31 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው አገኛቸው፣ 18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ነበር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጓደኞቹ ጋር ካናቢስ ያለበት ብስኩት ሰጡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልሆነም፣ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ ሌላ ደገመ። ከዛ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፣ ልሞት ነው እያለ ሲያለቅስ ነው ያደረው። ሲያጨስ እንደዚህ ሆኖ አያውቅም፣ ብስኩቱ ውስጥ ሌላ ነገር ጨምረውበት ይሆን? (እህት)

መልስ፦ ሌላ ነገር መጨመሩን በደብዳቤ ማወቅ አልችልም፣ ግን የነገርሽኝን ሁሉ ለማምጣት ብስኩቱ ብቻውን ይበቃል። ሲጨስ ቲኤችሲ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በደቂቃዎች ይደርሳል፣ ሰውየውም እንደደረሰበት ስለሚያውቅ ያቆማል። ሲበላ ግን መጀመሪያ ሆድ፣ ከዛ አንጀት፣ ከዛ ጉበት ነው መንገዱ፣ ለመጀመር ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ጥግ የሚደርሰው ከዛም በኋላ ነው፣ ሆድ ውስጥ ሌላ ምግብ ካለ ደግሞ ይባስ ይዘገያል። ወንድምሽ ሁለተኛውን ሲጎርስ የመጀመሪያው ገና መንገድ ላይ ነበር።

ሌላው ጉዳይ ጉበት ነው። ጉበት ቲኤችሲን 11 ሃይድሮክሲ ቲኤችሲ ወደሚባል ነገር ይቀይረዋል፣ ይሄኛውም ያጦዛል፣ አንጎል ውስጥም በቀላሉ ይገባል። ሲጨስ ትንሽ ነው የሚፈጠረው፣ ሲበላ ግን ብዙ። ስለዚ «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል አጫሽ ብስኩት ላይ ልምዱ አያድነውም። ደሞ የሚጨሰው በሁለት ሶስት ሰዓት ሲለቅ የሚበላው 8 ሰዓትና ከዛም በላይ ይቆያል፣ «አደረ» ያልሽው ለዛ ነው።

ልሞት ነው ማለቱን በተመለከተ፣ መተንፈስን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ሲቢ1 ጥቂት ነው፣ ስለዚ ጤነኛ አዋቂን እንደ ሄሮይን ትንፋሹን ዘግቶ አይገለውም። ፍርሃቱ ግን የእውነት ፍርሃት ነው፣ እንዳትስቂበት። ጸጥ ያለ ቦታ፣ አንድ የሚያምነው ሰው፣ ውሃ፣ እና «ይለቅሃል» እያሉ መደጋገም፣ መኪና ደግሞ እስከ ማግስቱ አይነካም። ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሰው መለየት ካቃተው ሃኪም ቤት። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ቤት ውስጥ ህጻን ካለ እንዲህ ያለ ብስኩት አይቀመጥ። ለህጻን ከላይ ያልኩት ማጽናኛ አይሰራም፣ ኮማ ውስጥ ሊገባ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። በልቶ ከሆነ ምልክት ሳትጠብቁ ሩጡ፣ ለሃኪሙም ምን እንደበላ ሳታፍሩ ንገሩት።

ጥያቄ፦ እናቴ ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን ማለት ነው፣ ትወስዳለች። ለጉልበቷ ሲቢዲ ዘይት ጥሩ ነው ብለው ሰጧት፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም አሉ። ሁለት ሳምንት ሆናት። (የእናቷ ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን እስክታነቢ አትጠብቂ ነበር የሚያሰኘው ደብዳቤ ይሄ ነው፣ ዛሬውኑ ለሃኪማቸው ደውዪ። ዋርፋሪንን የሚሰባብሩት የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው፣ ሲቢዲ ደግሞ እነዛን ኢንዛይሞች ያዳክማል። ስለዚ መድሃኒቱ ሳይሰበር ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካበት ቁጥር፣ ይወጣል፣ መድማት ይመጣል። ድድ፣ አፍንጫ፣ ያለምክንያት የሚጠቁር ቆዳ፣ ጥቁር ሰገራ ካየሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሻቸው ሂጂ። ዘይቱንም ዝም ብለው ጥለው እንዳይተኙ፣ ሲቆም ቁጥሩ ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል፣ ያኔ ደግሞ ደም መርጋት አለ። ሃኪሙ እየለካ ነው የሚያስተካክለው። ለሚጥል በሽታ ክሎባዛም ወይም ቫልፕሮዌት ለሚወስዱም እንዲሁ ነው፣ የመጀመሪያው ደም ውስጥ ይከማችና ያደነዝዛል፣ ሁለተኛው ከሲቢዲ ጋር ሲሆን ጉበት ያስቆጣል።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ ሶስት ሳምንት ሆኖኛል፣ በየቀኑ ነበር የማጨሰው። የስራ ምርመራ ላይ ሽንቴ ፖዘቲቭ አለ። ውሸታም አስመሰሉኝ።

መልስ፦ አልዋሸህም፣ ማሽኑም አልዋሸም። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ይገባና ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ምርመራው የሚፈልገው ደግሞ ቲኤችሲውን ራሱን ሳይሆን ጉበት ከሱ የሰራውን የማያጦዝ ቅሪት ነው። አንዴ የሞከረ ሰው በጥቂት ቀን ይነጻል፣ በየቀኑ ያጨሰ ግን ከወር በላይም ሊያሳይ ይችላል። ውጤቱ ስለዛሬ መጦዝህ ምንም አይናገርም፣ ይሄን ለአሰሪህ በጽሁፍ አስረዳና ድጋሚ ምርመራ ጠይቅ። ሲቢዲ ብቻ ነው የወሰድኩት እያላችሁ ለምትጽፉልን ደግሞ፣ ቅድም ስለ 18ቱ ጠርሙስ ያልኩትን አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ሲቢኤን እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው? ስፓይስ የሚባለውስ ከካናቢስ ይሻላል ወይ?

መልስ፦ ሲቢኤን ቲኤችሲ አየርና ብርሃን እያገኘው ሲያረጅ የሚሆነው ነገር ነው። የእንቅልፉ ወሬ ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። ስፓይስ ግን ኧረ በፍጹም፣ እሱ ቅጠል ላይ የተረጨ የላብራቶሪ ኬሚካል ነው። ቲኤችሲ ሲቢ1ን እንደ ሬድዮ እስከ ግማሽ ነው የሚከፍተው፣ እነዚህ እስከ ጥግ ይከፍቱታል፣ የልብ ድካም፣ መንቀጥቀጥና ሞት የመጣባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለዓመታት ያጨሳል። አሁን ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይዞ ይጮሃል፣ የሚሻለው ሙቅ ሻወር ስር ሲቆም ብቻ ነው፣ በቀን አራቴ አምስቴ ይገባል። ጨጓራ ነው ብለው ሲያክሙት ከረሙ። እሱ ደግሞ ካናቢስ ማቅለሽለሽ ያስቆማል ብሎ ጨመረበት።

መልስ፦ ባለቤትሽ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ከቲኤችሲ ጋር አንድ የሆነ ድሮናቢኖል የሚባል ክኒን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የካንሰር ህክምና የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ ለማስታገስ ይታዘዛል። ለዓመታት በብዛት ሲወሰድ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ይገለበጥና ራሱ ያስመልሳል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው እንደ አንድ ህመም ተለይቶ የተጻፈው። ሙቅ ሻወሩ ትልቁ ምልክት ነው፣ ሃኪሞች ግን ካልተነገራቸው አያውቁትም፣ ሰውየውም ማጨሱን ስለሚደብቅ ጨጓራ እየተባለ ይኖራል። ሌላ በሽታ አለመሆኑን ሃኪም ያጣራ፣ ለዘለቄታው የሚያድነው ግን ማቆም ነው፣ መቀነስ አይበቃም፣ ለመዳንም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እስከዛው ውሃ መያዝ ካቃተው ወይም ሽንቱ ካነሰ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ነው፣ ግሉኮስ የሚሰጡበት ቦታ ውሰጂው፣ እዛም ስለ ሻወሩና ስለ ማጨሱ እሱ ዝም ካለ አንቺ ተናገሪ።