«ማኅበራዊ ኑሮው የሞተ ነው» ስለሚባለው ዩኒቨርሲቲ

ጥያቄ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ሎስ አንጀለስ ከወላጆቼ ጋር የምኖር የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ በመጪው መስከረም በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ባዮሎጂ ለማጥናት በትራንስፈር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ሥራ እሮጥ ስለነበር አንድም ጓደኛ አላፈራሁም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ታላቅ እህቴ የባቿን ልጆች እስከ ዛሬ እንደ ሥጋ ዘመድ ስታነሣቸው ስሰማ እቀናለሁ። ስለ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የጠየቅኳቸው ሰዎች ግን «ባሕሩ ያምራል፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው፤ ማኅበራዊ ኑሮው ግን የሞተ ነው» ይሉኛል። ሲቲ ሃይትስ በሚባለው የሳንዲያጎ ሰፈር የሚኖረው አጎቴ ያለ ኪራይ እሱ ዘንድ እንድቀመጥ ጋብዞኛል። ግቢ ውስጥ ልኑር ወይስ አጎቴ ጋ? ጓደኛስ ከየት ይገኛል?
መ. ከሎስ አንጀለስ

መልስ

ውድ ወንድማችን፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለህ። የነገሩህ ሰዎች አልዋሹህም። የዩኒቨርሲቲውን ምሕጻረ ቃል (UCSD) «UC Socially Dead» ብለው ወደዚሁ ስድብ ለውጠው የሚቀልዱበት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ስሙ የወጣበትን ምክንያት ብታውቅ ፍርሃትህ ይቀንሳል ብለን እናምናለን።

ዩኒቨርሲቲው ያለው ላ ሆያ ውስጥ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ ባለው ገደላማ ከፍታ ላይ ነው። አካባቢው ባለጸጎች የሚኖሩበት በመሆኑ፣ በሌሎች የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች እንደሚታየው ከበሩ ሲወጡ ርካሽ ምግብ ቤትና በተማሪ የተሞላ የኪራይ ቤት የተደረደረበት ሰፈር አታገኝም፤ ከግቢ የወጣ ተማሪም ኪራይ ወደሚቀንስበት ሰፈር ይበተናል። ከ40,000 በላይ የሚሆነው ተማሪ ደግሞ የየራሳቸው መኖሪያና የጋራ ትምህርት መስፈርት ባሏቸው ስምንት ኮሌጆች የተከፋፈለ ነው። ከሁሉም በላይ የሚከብደው የጊዜው ጥበት ነው። ትምህርቱ ኳርተር በሚባሉ አጫጭር የትምህርት ወቅቶች ስለሚሰጥ አንዱ ኳርተር የማስተማሪያ ጊዜው 10 ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሚድተርም የሚባለው የአጋማሽ ፈተና ይጀምራል። እንዳንተ በትራንስፈር የሚገባ ተማሪ በሁለት ዓመት የሚያገኘው ስድስት ኳርተር ነው።

የእህትህን ባች ከዚህ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሴክሽን የተመደቡ ተማሪዎች አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይፈተናሉ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዶርም ያድራሉ፤ ወዳጅነቱ የሚመጣው ከምደባው ጋር ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ግን የኬሚስትሪው አዳራሽ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ይይዛል፤ ቀጥሎ በምትገባበት ክፍል የምታገኛቸው ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ሰው ስለጠፋ አይደለም፤ አንድን ሰው ደጋግሞ የሚያገናኝህ ሥርዓት በራሱ ስለማይመጣ አንተው ልትፈጥረው ይገባል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ትምህርት ሲጀመር ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ወደ ጋይዝል ቤተ መጻሕፍት በሚወስደው ላይብረሪ ዎክ በሚባለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ግራና ቀኝ የተማሪ ማኅበራት ጠረጴዛ ዘርግተው አባል ይመዘግባሉ። እዚያ ስትደርስ ስምህን በየጠረጴዛው አትበትነው፤ ከኢሜይል ክምር በቀር የምታተርፈው የለም። ሁለት ብቻ ምረጥ፤ የምትመርጣቸውም በየሳምንቱ የሚገናኙና ለአባል ሥራ የሚሰጡ ይሁኑ። ወንበር የሚደረድረው፣ ገንዘብ የሚይዘው፣ ጨዋታ የሚያዘጋጀው ተማሪ በአራተኛው ሳምንት ሲቀር «የት ጠፋ?» ተብሎ ይፈለጋል፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሄደውን ግን ማንም አያስታውሰውም። ስፖርት የምትወድ ከሆነ ተማሪዎች ቡድን ፈጥረው እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ውድድር አለ። በባሕሩ መጠቀም ከፈለግህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከሳንዲያጎ ስቴት ጋር በሚጋራው የሚሽን ቤይ የውኃ ስፖርት ማዕከል የሰርፊንግና የመርከብ ቀዘፋ ኮርስ ይሰጣል። ባሕሩን ዳር ተቀምጦ ማየትና ከሌሎች ጋር ውኃ ውስጥ እየወደቁ መማር ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከባዮሎጂው ትምህርትም ቢሆን ጓደኛ ይገኛል፤ ግን ከትልቁ አዳራሽ ሳይሆን ከላቦራቶሪውና ትንንሽ ቡድኖች ከሚወያዩበት ክፍለ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ አጠገብህ የሚቀመጠውን ልጅ ከሚድተርም በፊት «አብረን እናጥና» በለው። ከፈተና በኋላ ከሆነ ኳርተሩ አለቀ ማለት ነው። በጸደይ የሚደረገው የሰን ጎድ ፌስቲቫልና እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከሕንጻ ላይ ሐብሐብ እየተጣለ የሚፈነዳበት ልማድ (እውነት ነው፣ አልቀለድንም) ያዝናናሉ፤ ነገር ግን ወደዚያ የምትሄደው ጓደኛ ካፈራህ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በግቢው ያለውን የጥቁር ተማሪዎች ማዕከልም ጎብኝ፤ ሌሎች ሐበሾች የት እንደሚገናኙ የሚነግርህ ሰው እዚያ ሳታገኝ አትቀርም።

ስለ መኖሪያው፣ አቅም ከፈቀደ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ግቢ ውስጥ እንድትኖር እንመክርሃለን። አብዛኛው ማኅበር የሚሰበሰበው ማታ ነው፤ ሲቲ ሃይትስ የሚኖር ተማሪ ደግሞ ስብሰባው ሳያልቅ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ትሮሊ የሚባለው የከተማ ባቡር እስከ ግቢው መሐል መድረሱ መልካም ነው፤ ይሁንና ሲቲ ሃይትስን ስለማይነካ መሐል ከተማ ወርደህ አውቶቡስ መያዝ ይኖርብሃል፤ አንድ አቅጣጫውን ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ አስብ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተከፈተው ፔፐር ካንየን ዌስት በትራንስፈር ለመጡና ለከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች የታሰበ ሲሆን ከባቡሩ ፌርማታ አጠገብ ነው፤ እንዳንተ አዲስ የሆኑ ብዙ ተማሪዎች በአንድ ቦታ የሚገኙበት በመሆኑ ማመልከቻህ ላይ ቅድሚያ ብትሰጠው ጥሩ ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ ግን በግምት አትወስን። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው የዓመት ወጪህን የሚያሰላው ግቢ ውስጥ፣ ከግቢ ውጪ ወይስ ከዘመድ ጋር እንደምትኖር ለይቶ ነው፤ ስለዚህ የመኖሪያ ውል ከመፈረምህ በፊት የሦስቱንም ስሌት ጠይቀህ በጽሑፍ ተቀበል። ልዩነቱን በስጦታ ገንዘብና በመጠነኛ ሥራ መሸፈን ከቻልክ ግቢ ግባ፤ የሚሸፍነው ከባድ ብድር ብቻ ከሆነ ግን አጎትህ ዘንድ ተቀመጥና ክፍሎችህን ከሰዓት በኋላ እንዲሆኑ አድርገህ መዝግብ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ግቢ እንደምትቆይም ለአጎትህ ከወዲሁ ንገራቸው፤ ራት ይዘው እንዳይጠብቁህ።