ለ«ቡታኖሉ የት ገባ?» ጥያቄ፦ አርኤንኤውን አቆዪና ፕላዝሚዱን ፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ያለሽ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊከም የሚባለው ባክቴሪያ፣ ኤቲሲሲ 824 የተባለው ዝርያ ነው። በመጀመሪያው ዙር በሊትር 10 ግራም ቡታኖል ሰጠሽ፤ ከዚያ በየማታው ከፈላው ላይ እየቀነስሽ ወደ አዲስ ሚዲያ ስታዛውሪ አምስተኛው ላይ አሲድ ብቻ ቀረ። አሁን ኤድኤችኢ1 የተባለው ጂን ለምን «እንደተዘጋ» ለማየት አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚወጣውን ግልባጭ) ልታወጪ ነው። እባክሽ ገና አታውጪ። ጂኑ የተዘጋ አይመስለኝም፤ ከነጭራሹ የለም።

1. መጀመሪያ ዲኤንኤ እዪ። በ824 ውስጥ የአሴቶንና የቡታኖል ዋናዎቹ ጂኖች ማለትም ኤድኤችኢ1፣ ሲቲኤፍኤ፣ ሲቲኤፍቢ እና ኤዲሲ ያሉት ክሮሞሶሙ ላይ ሳይሆን ፒሶል1 በሚባል 192 ሺህ ቤዝ ያህል በሚረዝም ፕላዝሚድ (ከክሮሞሶሙ የተለየ፣ ሕዋሱ ሊጥለው የሚችል የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ነው። ቡቲሬት የሚባለውን አሲድ የሚሠሩት ጂኖች ፒቲቢና ቢዩኬ ግን ክሮሞሶሙ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፕላዝሚዱን የጣለ ሕዋስ ያድጋል፣ ጋዝ ይሰጣል፣ አሲድ ያመርታል፤ ላየው ጤነኛ ነው። ስፖር (ሙቀትን የሚቋቋም የተኛ ሕዋስ) መሥራት ግን አይችልም። ለኤዲሲና ለፒቲቢ ፕራይመር አዘጋጂና በኪውፒሲአር (የዲኤንኤውን መጠን በሚለካው ፒሲአር) ከስፖር ከተነሳ ትኩስ ካልቸር ጋር አነጻጽሪ። ከፒቲቢ አንጻር ኤዲሲ በ3.3 ዑደት ከዘገየ፣ ፕላዝሚዱ ያለው ከ10 ሕዋስ በ1 ያህሉ ብቻ ነው። ተራ ፒሲአር እዚህ ያታልላል፤ ከመቶ አንድ ሕዋስ ቢቀር እንኳ ጄሉ ላይ የዲኤንኤው መስመር (ባንድ) ይወጣልና «አለ» ብለሽ ትሄጃለሽ። ለክሮሞሶሙ መለኪያ የቲዮሌዝ ኤንዛይምን ጂን አትምረጪ፣ ሁለተኛው ቅጂው ፒሶል1 ላይ ነው።

2. ዋናው ጥፋት ማዛወሩ ነው። ሁላችንም እርሾ እያየን ስላደግን ከትናንቱ ቀንሶ ለዛሬው ማስቀመጥ ተፈጥሯዊ ይመስለናል። ይህ ባክቴሪያ ግን እርሾ አይደለም። ጤነኛው ሕዋስ አሲዱ ሲበዛበት ስፖ0ኤ በሚባለው ተቆጣጣሪ አማካይነት ወደ ሶልቬንት (አሴቶንና ቡታኖል) እና ወደ ስፖር ይዞራል፤ መከፋፈሉን ያቆማል። ፕላዝሚድ አልባው ምንም የሚያቆመው ስለሌለ መባዛቱን ይቀጥላል። ባዛወርሽ ቁጥር የምትመርጪው እሱን ነው። ከአምስተኛው ዙር ግሊሰሮል ስቶክ (በበረዶ የሚቀመጥ የካልቸር ክምችት) አስቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ በረዶ ያደረግሽው ብልሽቱን ነውና ጣዪው። «ግሉኮሱን ጨምሪበት» ያሉሽን አትስሚ፤ ስኳሩ ሳይበላ ይቀራል እንጂ የሌለ ጂን አይመልስም። እዚህ ላይ ብዙ ወር የሚባክነው አንድ ፕሌት ዘርግቶ ከማየት ይልቅ ሚዲያ በመቀያየር ነው፤ ያናድዳል።

ፕሌቱ እንዲህ ነው፦ ስታርችና ትንሽ ግሉኮስ ባለበት አጋር ላይ ካልቸሩን አቅጥነሽ ዝሪ፣ ያለ ኦክስጅን በ37 ዲግሪ አሳድጊ። አሚፒ የሚባለው የአሚሌዝ ጂንም ፒሶል1 ላይ ስለሆነ አዮዲን ስታፈሺ ጤነኛው ኮሎኒ ዙሪያውን በሰማያዊው መሃል ጥርት ያለ ክብ ያወጣል፤ የተበላሸው አያወጣም። አዮዲኑ ከመፍሰሱ በፊት ኮሎኒዎቹን በቁጥር ወደ ሌላ ፕሌት ገልብጪ፣ አለዚያ አዮዲኑ ይገድለውና ጥሩውን አይተሽ ታጪዋለሽ። በዓይንም ይለያሉ፤ ጤነኞቹ መሃላቸው የጠቆረና የወፈረ፣ የተበላሹት ጠፍጣፋና ብርሃን አሳላፊ ናቸው።

ጥሩውን ኮሎኒ ካገኘሽ ፕሌቱን ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ተዪው፣ ስፖር ይሥራ። ኮሎኒውን 10 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ውስጥ አድርገሽ በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቂ፤ ስፖር ያልሆነው ይሞታል፣ ከእሱም ጋር ፕላዝሚድ አልባው። ሃይም ቫይዝማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሩድ አሴቶን ሲያመርት የተጠቀመው ደጋግሞ የማሞቅ ምርጫ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ፕላዝሚዱ ሳይታወቅ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቺ። ሶልቬንት መጥፋት ሁሌ ብልሽት አይደለም። ያልተበታተነው (ወደ አዮን ያልተከፈለው) አሲድ በሊትር ከ57 እስከ 60 ሚሊሞል ካለፈ ካልቸሩ በአሲድ ይመታና ቀጥ ይላል። ከዚያው ስፖር አዲስ አስነስተሽ ፒኤቹን ከ5 በታች እንዳይወርድ ስትይዢው ቡታኖሉ ከመጣ፣ ችግሩ አሲዱ ነበር።

አርኤንኤ የምታወጪው ፕላዝሚዱ እንዳለ ካረጋገጥሽ በኋላ ነው። ናሙናውንም በእድገቱ መጀመሪያ ሰዓት አትውሰጂ፣ ያኔ የሶልቬንት ጂኖቹ በጤነኛውም ዝቅ ያሉ ናቸው። ፒኤቹ ወርዶ ወርዶ ቆሞ ሽቅብ መመለስ ሲጀምር ውሰጂ። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኤንዛይም) ያልገባበት መቆጣጠሪያ ጨምሪ፤ የቀረ ዲኤንኤ አርኤንኤ መስሎ ይቆጠራልና።

ያለሽ ክሎስትሪዲየም ቤይጄሪንኪ 8052 (ሌላው ቡታኖል አምራች) ቢሆን ግን የዲኤንኤው ፈተና አይሠራልሽም። የእሱ የሶልቬንት ጂኖች ክሮሞሶሙ ላይ ስለሆኑ ተበላሽቶም የጂኑ ባንድ ይታያል፤ እዚያ ነው አርኤንኤው ገንዘቡን የሚያወጣ።

ስፖሩን አንዴ ካገኘሽ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ 20 ያህል አስቀምጪ፤ ለአንድ ሙከራ አንድ ቱቦ፣ የተከፈተው አይመለስም።