የወፍጮ ዘንግ ከጎንደር አዲስ አበባ ስለመላክ

እህቴ፣ «የወፍጮዬ ዘንግ ተበልቷል፣ አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀርጹበት) ልልከው ነው፤ በፖስታ ይሄዳል? በምን ልሸገው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዘዞ ወፍጮ ቤት ስላለኝ ይሄ ነገር በእጄ አልፏል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በቅድሚያ ክብደቱን እወቂ። ሚዛን ከሌለ በሂሳብ ይገኛል። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ለኪና በራሱ አባዢው፤ የወጣውን ደግሞ በ0.00617 አባዢው። የአንድ ሜትሩን ኪሎ ይሰጥሻል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ዘንግ በሜትር 15 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 60 ከሆነ 22 ኪሎ ያልፋል። ፖስታና መልእክት አድራሾች ለአንድ ጥቅል የክብደትም የርዝመትም ጣሪያ አላቸው። ስለዚህ ከማሸግሽ በፊት ሁለቱንም ጽፈሽ ጎንደር ፒያሳ ፖስታ ቤት ሄደሽ ጠይቂ። አሽጎ ወስዶ ተሸክሞ መመለስ ያናድዳል። ጣሪያውን ካለፈ አማራጩ የጭነት መኪና ነው፤ አስተሻሸጉ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዘንግ የሚጎዳው ጫፉ ላይ ነው። መሃሉን ማንም አይጎዳውም፣ ብረት ነው። ሹፌሩ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬን በያዘ ቁጥር ዘንጉ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ሽቅብ ሲል ደግሞ ወደኋላ። የካርቶኑን ጫፍ እንደ ዘነዘና ይወቅጠዋል። ለአንድ ጎረቤቴ የመጣለት ዘንግ ግማሹ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ የጫፉ የብሎን ጥርስ ተጨፍልቆ ነበር። ላኪው መሃሉን በስፖንጅ አሳምሮ ጠቅልሎታል፤ ጫፉ ላይ ግን ስኮች ብቻ ነው ያደረገው።

ስለዚህ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) እና ኩሽኔታዎቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ባለ ኳስ ቀለበቶች) ፍቺ። ጥርስ ባለው ጫፍ ላይ አሮጌ ዳዶ እሰሪበት። ዳዶው ከዘንጉ ጫፍ ትንሽ አልፎ ይውጣ፤ ምቱን እሱ ይቀበላል። ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ በጨርቅ ጥረጊና ግራሶ ቀቢው። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኪው፣ የእጅ ላብ ያዝገዋል። በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልዪበት። ጋዜጣና ካርቶን ባዶ ብረት ላይ አይቀመጥም፤ በተለይ በክረምት እርጥበት ይዞ ይቆያል። እርጥብ የባህር ዛፍ ጣውላም እንደዚያው።

መያዣው ለቀጭን ዘንግ የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ይሆናል፣ ቅዳሜ ገበያ ቁራጭ አይጠፋም። ሁለቱንም ጫፍ በወፍራም ክብ ጣውላ ድፈኚ። ስፖንጅ አይሆንም፣ ይጨመቅና ክፍተት ይፈጥራል። ዘንጉ ጣውላውን እስኪነካ ድረስ ይጠጋ፤ ቱቦውን አንስተሽ ስትነቀንቂው ድምፅ ከሰማሽ አልጨረስሽም። ክዳኑን በማጣበቂያ ሳይሆን በአጫጭር ብሎን እሰሪው። ረጅም፣ ክብ፣ ከባድ ብረት ፈታሾች በራጅ ሲያዩት ይጠራጠራሉ። ካልተከፈተላቸው በመጋዝ ይቆርጡታል፤ የተቆረጠውን መልሶ የሚያሽግልሽ የለም። ውጪው ላይ «የወፍጮ ዘንግ» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። የወፍጮ ቤቱን ንግድ ፈቃድ ቅጂ ዕቃውን ለሚያደርስልሽ ስጪው።

ከታች አስተያየት ላይ አንዱ «የጠመንጃ አፈሙዝስ በዚሁ ይሄዳል?» ብሎ ቀልዷል። ወንድሜ፣ ለእሱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። እዚህ ጨዋታ ውስጥ አታስገባን።

ዘንግሽ ከ15 ኪሎ በላይ ከሆነ ቱቦውን ተዪና የጣውላ ሳጥን አሠሪ። ውስጡ ዘንጉን የሚይዙ፣ በግማሽ ክብ የተቆረጡ ሁለት ሦስት ድጋፎች ይኑሩት። በሁለቱ ጫፎች የገመድ መያዣ አድርጊ። ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ተሸካሚ ግን የሚይዝበት ያጣውን ዕቃ ነው የሚወረውረው። ክብ ቱቦም ቢሆን መኪናው ላይ እንዳይንከባለል ግራና ቀኝ አራት ማዕዘን ጣውላ ምቺበት። ክብደቱን፣ ስምሽንና ስልክሽን በሁለቱም ጫፍ ጻፊ። አንድ ቅጂ ደግሞ ውስጡ ይግባ፣ የውጪው ወረቀት ይላጣል።

ሌላው፣ ከመላክሽ በፊት ዘንጉን በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለክተሽ ንድፉን በወረቀት አስቀሪ። ቢጠፋ እንኳ ቶርኖው ከንድፉ አዲስ ይሠራል። አዲሱን ኩሽኔታም አብረሽ ላኪ፣ ግን በራሱ ካርቶን ለብቻው። ባለሙያው የዘንጉን መቀመጫ በኩሽኔታው ልክ እየሞከረ ይሠራዋል። ቁጥሩ 6210 ከሆነ ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከ04 ጀምሮ ከሆኑ በ5 ማባዛት ነው።

ግን እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የተበላው የኩሽኔታው መቀመጫ ብቻ ነው ወይስ ዘንጉ ራሱ ጎብጧል? መቀመጫው ብቻ ከሆነ እዚሁ ጎንደር በብየዳ ሞልተው የሚያስተካክሉ ቶርኖ ቤቶች አሉ። ፎቶውን እዚህ ለጥፊልን፣ አይተን እንነግርሻለን።